ጠማማውን ያቃና ሰው

ሙዚየም ማስተዳደር ሲባል ሰው የሚመስለው ነጭ ጓንት አጥልቆ ጥንታዊ ዕቃ ማገላበጥ ነው። የሚዛን ሙዚየሙን አስተዳዳሪ ግን አንድ ቀን ሙሉ ቢከተሏት የሚያገኟት ከአሸንዳ ጋር ስትሟገት ነው። አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል፤ ሲደፈን ውሃ ያቁራል፤ ውሃው ቆርቆሮ ይበላል፤ በተበላው ቆርቆሮ እርጥበት ይገባና የነሐስ ሚዛኖቹን አረንጓዴ ያለብሳቸዋል። ያኔ የቅርስ ባለሙያዋ ፊቷን አጨፍግጋ ቢሮ ድረስ ትመጣለች። ከአሸንዳው የተረፈውን ጊዜ ምስጡ፣ የመብራት ቆጣሪውና ተማሪ በጎበኘ ቁጥር የሚደፈነው መጸዳጃ ቤት ይካፈሉታል። አስተዳዳሪዋ ቅርስ የምታየው ወደ ቧንቧ ስትሄድ በመንገዷ ላይ ነው።

ሙዚየሙ ከሚዛን በቀር ምንም የለውም። የወርቅ ሚዛን አለ፣ የእህል አለ፣ የመድኃኒት አለ፣ ሕፃን የሚተኛበት ቅርጫት የተንጠለጠለበት አለ፤ በሬ ከነቀንዱ የሚቆምበትም አለ። ሕንጻው ድሮ የነጋዴዎች ማኅበር መጋዘን ነበር። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጥቂት፣ ጣሪያው ለርግብ እንጂ ለመሰላል የማይመች። ሰፈርተኛው ሚዛን ቤት ይለዋል፤ "ዛሬስ ስንት ኪሎ ገባችሁ?" እያለም ሠራተኞቹን ያበሽቃል። ቀልዱ ካረጀ ቆይቷል፤ ቀልደኞቹን ግን አልሰለቻቸውም።

ያን ሕንጻ እስካሁን ያቆመው ሲሚንቶው አይደለም፤ የአስተዳዳሪዋ ታላቅ ወንድም ነው። ኪሱ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ ሁሉም ጋሽ ብሎን ይሉታል። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። እሱ በሙዚየሙ የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ከጓሮ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተሰጠችው፤ እህቱን በጀርባው አዝሎ ገባባት። ሚስት አግባ ሲሉት "መጀመሪያ ሚጣ ትማር" ይል ነበር። ሚጣ ተማረች። ቀጥሎ "እስቲ ሥራ ትያዝ" አለ። ሥራ ስትይዝ እሱ ሸምግሎ ነበር። የያዘችው ሥራ ደግሞ እዚያው፣ በእሱ ላይ አለቃ መሆን ነው። በዚህ ከማንም በላይ የሳቀው ራሱ ነበር። "ንፍጥሽን ስጠርግ የኖርኩ ሰውዬ ዛሬ አንቺን ፈቃድ ልጠይቅ!" እያለ ሲያሾፍባት ከረመ።

አለቃ በሆነች ጊዜ አንድ ሕግ አወጣችለት። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ሽቦውና ቧንቧው የእሱ ነው፤ መስታወት ውስጥ ያለው የባለሙያዋ ነው። እዚህ ቤት የተሰበረ ሚዛን እንደተሰበረ ይኖራል፤ የዛገም እንደዛገ። ለጠጋኝ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። የተጣመመ ብረት አይቶ ማለፍ ለእሱ የሚያለቅስ ሕፃን አልፎ እንደ መሄድ ነበር። ግን አለፈ። ዕድሜ ልኩን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ብሎኖቹን እያንቀጫቀጨ አለፈ።

መስታወት ውስጥ ካሉት ሁሉ የሙዚየሙ ዓይን የሆነው "ጠማማው" የሚባለው ነው። በረሃብ ዘመን አንድ የእህል ነጋዴ ሕዝብ ያስለቀሰበት ሚዛን ነው። አንደኛው ክንዱ ከሌላው ትንሽ ይረዝማል፤ ይህ እንዳይታወቅ በአጭሩ ክንድ ሳህን ሥር እርሳስ የሚሉት ለስላሳ ብረት ተለጥፎበታል። ባዶውን ተንጠልጥሎ ሲያዩት ቅዱስ ነው፤ ሁለቱ ሳህኖች እኩል ናቸው። ሁለት እኩል ድንጋይ ሲጫንበት ግን አንደኛው ወገን ዝቅ ይላል። ገበያተኛ ሴቶች አንድ ቀን ይህን ደርሰውበት የነጋዴውን መጋዘን ሰበሩ፤ ከተማዋ የሚዛን ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው ያየችው ከዚያ ወዲህ ነው። ባለሙያዋ እንግዳ በመጣ ቁጥር በነጭ ጓንቷ ድንጋዮቹን ታስቀምጣለች፤ ሳህኑ ዝቅ ሲል ተማሪዎቹ ይጮኻሉ። ሰው ወደዚያ ቤት የሚመጣው ለዚያች ጩኸት ነው።

በኋላ በሽታው መጣ። ስም አለው፤ ሐኪሙ ነግሯታል፤ እሷ ግን ስሙን በአፏ መጥራት አትወድም። እንጀራ ሊገዛ ወጥቶ ጎረቤት እጁን ይዞ ይመልሰዋል። ሌላ ቀን ወጡን ሁለቴ ጨው ይጨምርበታል። አልፎ አልፎ በእናታቸው ስም ይጠራትና "መጣሽ?" ይላታል፤ እሷም "መጣሁ" ትለዋለች፤ ምን ትበል? የሙዚየሙን ደፍ ሲረግጥ ግን ያው የድሮው ሰው ነው። የቱ ማብሪያ የትኛውን አምፖል እንደሚያበራ፣ የቱ ቧንቧ በየት ግድግዳ እንደሚያልፍ አንዷ አትጠፋውም። ቤቱ ጠፍቶት ሙዚየም ውስጥ የሚገኝ ሰው ሆነ። ሐኪሙም "የለመደውን ቦታ አይንሱት፤ አጽንቶ የያዘው ቦታው ነው" አላት።

ራሱም ያውቀዋል። አንድ ጠዋት ልቡ ጥርት ባለበት ሰዓት እጇን ያዘና "ሚጣ፣ ከዚህ ግቢ እንዳታስወጪኝ" አላት። "ከዚህ ከወጣሁ እኔ እኔ አይደለሁም።"

"ማን ያስወጣሃል፣ ጋሼ? እኔ ቆሜ?" አለችው። ማለችለትም።

የጡረታ ዕድሜው ካለፈ ቆይቷል። በየዓመቱ ለቦርዱ ሰብሳቢ "ሕንጻውን እንደ እሱ የሚያውቅ የለም" ትላለች፤ ሰብሳቢውም ያራዝሙለታል። በሽታውን ግን በሆዷ ይዛዋለች። ባለሙያዋ እንኳን አታውቅም፤ "ጋሽ ብሎን ዛሬ ሰላም አላሉኝም፣ ተቀየሙኝ እንዴ?" ስትላት "ጆሮው ደክሟል" ብላ ታልፋታለች።

በዚያ ክረምት ዝናቡ የተቀጠረ ይመስል በጠማማው ትክክል ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ባለሙያዋ የዓመት ፈቃድ ወጥታለች፤ የመስታወት ሳጥኑ ቁልፍ በአስተዳዳሪዋ እጅ ነው። ጠብታው የሳጥኑን ክዳን ጠብ፣ ጠብ ሲያደርግ እሷ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ማዘጋጃ ቤት ልትወጣ ነበር፤ ውሃ ሊቆርጡባት ነው፤ ካልደረሰች ይቆርጣሉ። ወንድሟ መሰላሉን ተሸክሞ ቆሟል።

"ጋሼ፣ እንካ ቁልፉን" አለችው። "ሳጥኑን ክፈትና ሚዛኑን ወደ ዕቃ ቤት አሻግረው። ከዚያ ስንጥቁን ድፈን። ዕቃውን እንዳትነካ።"

"ሳልነካው እንዴት ነው የማሻግረው? ልጥራው?"

ሳቀች። እየሳቀች ወጣች። ያን ሳቅ በኋላ ስታስበው ራሷን በጥፊ መምታት ያምራታል።

ስትመለስ ሁሉም በቦታው ነበር። ጠማማው ሳጥኑ ውስጥ ተመልሶ ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ሳህኖች እኩል ናቸው፤ ሳጥኑ ተቆልፏል። ወንድሟ ቁልፉን በመዳፏ ላይ አደረገላትና "ጨርሻለሁ" አለ። በማግስቱ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዘነበ፤ አዳራሹ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። አገላብጣ ሳመችው። ስንት የጣሪያ ሠራተኛ ያቃተው ዓይነት ስንጥቅ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ሰብሳቢው ጣሪያውን በሙሉ ለማሳደስ ያሰቡ እንግዶች ይዘው መጡ። ባለሙያዋ ከፈቃዷ ተመልሳለች፤ ጓንቷን አጠለቀች፤ ስለ ረሃቡ፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ገበያተኞቹ ሴቶች ተረከች። እንግዶቹ ተጠጉ። "እንግዲህ ይመልከቱ" ብላ ሁለቱን ድንጋዮች አስቀመጠች።

ሳህኖቹ ትንሽ ተወዛወዙና እኩል ቆሙ።

ባለሙያዋ ድንጋዮቹን አቀያየረች። እኩል። ሳህኑን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ተወዛወዘና ተመልሶ እኩል ቆመ። አንደኛው እንግዳ "ሐቀኛ ነጋዴ ነበር ማለት ነው" ብሎ ሳቀ። የሰብሳቢው ጆሮ ደም መሰለ።

ያኔ ከበሩ በኩል፣ መሰላሉን ተደግፎ ሲመለከት የቆየው ጋሽ ብሎን ድምፁን ከፍ አድርጎ "ተቃንቷል!" አለ። ፊቱ በርቷል። "አታስቡ፣ ተቃንቷል። ሳሻግረው እስቲ ብዬ ሁለት እኩል ብሎን አስቀመጥኩበት፤ አጋደለ። ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲዋሽ ኖሯል! መሐሉን ሳተው እንጂ ብረቱ ደህና ነው። አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፣ አሮጌውን ደፈንኩት፣ ክንዱን በሞረድ አስተካከልኩት። አሁን ከፈለጋችሁ ወርቅ መዝኑበት።"

አስተዳዳሪዋ የሳጥኑን ጠርዝ ያዘች። በሽታው ሕጉን ወስዶ እጁን ትቶለት ኖሯል። ዕድሜውን ሙሉ በኪሱ ያሰረው እጅ ሕጉ ሲጠፋለት ወጣ።

ባለሙያዋ ተንበርክካ ከሳህኑ ሥር ተመለከተች። "እርሳሱስ? ጋሽ ብሎን፣ እዚህ ሥር የነበረው እርሳስ የት አለ?"

እሱ ሌባ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። "አቅልጬ ስንጥቁን ደፈንኩበት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ ወርዳ እንደሆነ ሚጣን ጠይቋት።"

ባለሙያዋ በነጭ ጓንቷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አልተሳደበችም፤ አለቀሰች ብቻ። እሱም ለምን እንደምታለቅስ አልገባውምና "አይዞሽ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?" እያለ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን እያዩ ወጡ።

ሰብሳቢው ወንድምና እህቱን ቢሮ አስገብተው በሩን ዘጉ። ጋሽ ብሎን ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥጉ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር።

"የሳጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነበር?"

"በእኔ።"

"ታዲያ እሳቸው በምን ከፈቱት?"

ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ያስባል ይባላል። እሷ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጓሮ ያለችውን ቤት። ሰጥቼዋለሁ ብትል ሁለቱም ይባረራሉ፤ ሁለቱም ከተባረሩ ቤቷን ይለቃሉ፤ ቤቷን ከለቀቁ እሱ በማያውቀው ሰፈር፣ በሩ በየት እንደሆነ በማያውቀው የኪራይ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ሲዳብስ ይሞታል። እሱ ብቻ ጡረታ ቢወጣ ግን እሷ ትቀራለች፤ እሷ ከቀረች ቤቷ ትቀራለች፤ እሱም ግቢው ውስጥ ተቀምጦ አሸንዳውን እያየ ይኖራል። ምን ይጎዳል? የሚረሳ ሰው ነው። ነገ ይረሳዋል።

"ከመሳቢያዬ ወስዶ ነው" አለች። "አላወቅኩም።"

ወንድሟ ቀና አለ። "እኔ?" አለ። "እኔ ወሰድኩ?" ዓይኑ በክፍሉ ውስጥ ተንከራተተ፤ የሆነ ቦታ ያስቀመጠውን ነገር እንደሚፈልግ ሰው። ፈልጎ ፈልጎ አጣው። መጨረሻ ላይ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ፤ እሷም መሬት መሬት አየች።

"ሚጣ ካለች ወስጃለሁ" አለ። ተነሳ፤ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ለሰብሳቢው ጎንበስ አለ። "ይቅር በሉኝ ጌታዬ። ሰርቄ አላውቅም ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ።"

አፏን ብትከፍት ትነግራቸው ነበር። አልከፈተችም።

ሁሉም እሷ ባሰበችው ሄደ። ሰብሳቢው "ረጅም ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ለሕግ አላቀርባቸውም" አሉ። ጡረታ ወጣ፤ ሕንጻው ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ቤቷ ቀረችላቸው። እሷ በማግስቱ ጠዋት ከደጃፋቸው፣ አሸንዳው ፊት ለፊት ከሚታይበት ጥላ ሥር ወንበር አወጣችለት፤ ትራስም አደረገችበት።

አልወጣም። "ሰው ያየኛል" አለ።

"ቢያይህስ፣ ጋሼ?"

"ሌባው ይኸውና ይላሉ።"

ይረሳዋል ብላ ጠበቀች። ቁርስ መብላቱን ረሳ። የባለሙያዋን ስም ረሳ፤ የእናታቸውን መሞት ረስቶ ምሳ አስቀምጡላት አለ። ቁልፉን ግን አልረሳም። ከዚያ ሁሉ ዘመን፣ ካዘላት ጀርባ፣ ከጠገነው ሁሉ ተለይታ እሷ የሰጠችው ውሸት ብቻ እንደ ምስማር ተተክላ ቀረች። ሐኪሙን ብትጠይቀው "ነገሩ ይጠፋል፤ ሐፍረቱ ግን ይቆያል" አላት። የግቢው ጥበቃ በመስኮት በኩል "ጋሽ ብሎን፣ እንዴት አደሩ?" ሲለው ከመጋረጃው ኋላ ይሸሸጋል። ማታ ማታ እሷ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃትና የሁለቱንም ኪሶቹን ገበር ወደ ውጭ ያወጣል። ባዶ ናቸው። ብሎኖቹን እንኳን ከጣላቸው ቆይቷል።

"ምንም አልወሰድኩም። ዛሬ ምንም አልነካሁም" ይላታል። "ፈትሺኝ።"

ለእሱ ስትል ያቆየችለት ግቢ ይኸው ነው። መጋረጃው ተዘግቶ፣ በሩ ተቀርቅሮ፣ ከመስኮቱ ውጭ አሸንዳው እየሞላ።

ሰብሳቢው ዘንድ ሄዳ እውነቱን ተናገረች። በመጨረሻ ደፈረች። እሳቸውም "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ አሁን ሌላ አስተዳዳሪ ከየት አመጣለሁ? ሥራሽን ሥሪ" አሏት። መባረርን ፈርታ የዋሸችው ሴት አለመባረሯን ሰምታ እያለቀሰች ወጣች። ያን ቀን መናገር ትችል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የቀራት ለእሱ መናገር ነው። ልቡ ጥርት የሚለው ማለዳ ላይ ስለሆነ በማለዳ ተነሳች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ከእግሩ ጋር ሲያስማማ አገኘችው። ተንበርክካ ክሩን አሰረችለት፤ ከዚያ እዚያው እንደተንበረከከች ቀረች።

"ጋሼ፣ ስማኝ። አንተ አልሰረቅክም።"

ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም።

"ቁልፉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። ሚዛኑን አሻግረው ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተ ያልኩህን ነው ያደረግከው፤ ስትጨርስም መልሰህ እጄ ላይ አደረግክልኝ። ሰብሳቢው ሲጠይቁኝ ዋሸሁ። ቤቱን እንዳንለቅ ፈርቼ በአንተ ላይ ዋሸሁ። ሌባዋ እኔ ነኝ።"

አያት። ጥርት ያለ ዓይን ነበር፤ እሷን ራሷን፣ ሚጣን የሚያይ ዓይን። ልቧ ዘለለ፤ ገባው ብላ አሰበች። እጁን አንስቶ ፀጉሯን ዳበሳት፤ በልጅነቷ ወድቃ ስትነሳ እንደሚያደርገው።

"ገብቶኛል" አላት። "ሐፍረቴ አሳዝኖሽ ነው።"

"አይደለም፣ ጋሼ! እውነቴን ነው! በእናታችን አፈር!"

"አትማይ" አለ። "የሞተ ሰው ላይ አትማይ።" እጁ ፀጉሯ ላይ ቆመ። እንባውም በጉንጩ ላይ መውረድ ጀመረ፤ ለራሱ እንዲህ አልቅሶ አያውቅም። "ሰብሳቢው ፊት እንኳን፣ ወንድምሽ ሆኜ እንኳን፣ ሳትፈሪ እውነቱን የተናገርሽ ልጅ ነበርሽ። በዚያ ሐፍረት ውስጥ ሆኜ ደስ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። ደህና አድርጌ አሳድጌያታለሁ ብዬ ነበር። አሁን በእኔ የተነሳ መዋሸት ጀመርሽ።"